እንዳላማው ከማቀዝቀዣው ሥር የደበቀው

ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር የታመመበት ሁሉ እንዳላማውን ያውቀዋል። ኮምፒውተር የሌለው ደግሞ ከነመፈጠሩም አያውቀው። አባቱ ደብረ ኤልያስ ገበሬ ነበሩ፤ ልጃቸው ካህን እንዲሆንላቸው ብለው ቆሎ ትምህርት ቤት ቢያስገቡት፣ እሱ የመምህሩን ሬዲዮ ፈታቶ መልሶ ገጠመና ሥራውን በዚያው አገኘ። ከሬዲዮ ወደ ሞባይል፣ ከሞባይል ወደ ኮምፒውተር እያለ፣ ይኸው ዛሬ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። እጁ መልካም ነው፤ እሱን ማንም አይክደውም። ምን ያደርጋል ታዲያ፣ አፉም የእጁን ያህል ነው! «እኔ ጋ መጥቶ ያልዳነ ዕቃ ጸበልም አያድነው» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እየሳቀም ያምነዋል።

ሱቁ ውስጥ ግድግዳውን ይዞ አንድ ረጅም አግዳሚ አለ። ዕቃ ለማሠራት የመጣም፣ ዝናብ የያዘውም፣ ወሬ ያማረውም እዚያ ይቀመጣል። እንዳላማው ሲፈታ ያያሉ፤ እንዳላማው ሲገጥም ያያሉ። እሱም መታየቱን ይወደዋል። መታየት የሚወድ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያገኘው የታወቀ ነው።

በጥር አጋማሽ፣ ሰርግ በሰርግ ላይ በተደራረበበት ሰሞን፣ ያለምወርቅ አንድ ካርቶን ታቅፋ መጣች። ያለምወርቅ የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብር ሴት ናት። ሥራዋን ቤቷ ውስጥ፣ አልጋ ከያዙት ከእናቷ ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን ራስጌ ሆና ነው የምትሠራው፤ በአንድ ዓይኗ ሙሽራ ታያለች፣ በሌላው እናቷን። ኮምፒውተሯ አርጅቶ አንድ ሰርግ ለመጨረስ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያድራል። ታናሽ ወንድሟ መሳፍንት አዲስ አበባ የሕንፃ ንድፍ በኮምፒውተር የሚሠራ ልጅ ነው፤ እሱ ነው ይህን የላከላት። በካርቶኑ ውስጥ አንድ ክንድ የሚያህል ግራፊክስ ካርድ አለ፤ ምስልን የሚያፈጥነው ክፍል ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ እንዲህ ያለውን ብዙ ሰው በሞባይል ላይ በሥዕል እንጂ በእጁ አልያዘውም። አብሮት ደግሞ ለብቻው የሚሸጥ ማቀዝቀዣ አለ፦ የመዳብ ቧንቧዎች፣ ስስ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች፣ ሁለት ትልልቅ ማራገቢያ።

«ካርዱ አንበሳ ነው ብሏል፤ የራሱ ማራገቢያ ብቻ አርጅቶ ይጮኻል፣ ይግላል። ይህንን ይቀይሩበት» አለች ያለምወርቅ። «ጋሼ እንዳላማው፣ ቅዳሜ መልስ አለብኝ፤ የሙሽራዋ ቤት ቪዲዮውን ለመልሱ እናሳያለን ብለው ሰው ጠርተዋል። ያደርሱልኛል?»

«ምን ትጠይቂኛለሽ? ሰርተሽ የምታድሪበትን አዘጋጂ!»

ማግስቱን ሥራውን ያዘ። አሮጌውን ማራገቢያ ፈታ። ሙቀት የሚያሻግረውን የደረቀ ቅባት በጥጥና በአልኮል ጠረገ። ከሥሩ ቺፑ ወጣ፤ መስተዋት የመሰለ፣ ክዳን የሌለው፣ ባዶውን የተቀመጠ። «አያችሁ?» አለ ወደ አግዳሚው ዞሮ፤ «የዕቃው ልብ ይህች ናት። በጥፍር ብትነኳት ትቀየማለች።» አግዳሚው በአድናቆት አንገቱን አሰገገ።

አዲሱ ማቀዝቀዣ የሚታሠረው በአራት ብሎን ነው። አብሮት የመጣው የሥዕል መመሪያ ማቀዝቀዣውን ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ ካርዱን ከላይ አኑሩበት፣ ብሎኖቹንም በመስቀለኛ ጥቂት ከዚህ ጥቂት ከዚያ ማዶ እያደረጋችሁ እኩል አጥብቁ ይላል። እንዳላማው ይህን አጥቶት አይደለም፤ ለአግዳሚው ራሱ አስረድቷል። ግን ጠረጴዛ ላይ ካስተኛው ማን ያየዋል? ስለዚህ ካርዱን አቆመው፤ ያንን ከባድ ማቀዝቀዣ በግራ መዳፉ ደግፎ፣ በቀኙ ከጀርባ ብሎን ማሠር ጀመረ። እያሠረ ደግሞ የአንድ የደጀን ሹፌር ላፕቶፕ ከነዳጅ በርሜል አውጥቶ እንዴት እንዳዳነው ያወራል። ወሬው ሲጥም አንደኛው ብሎን እስከ መጨረሻው ጠበቀ። ሦስቱ ገና አልተነኩም።

በዚህ መሐል ቄስ ኪዳነ ማርያም በር ላይ ደረሱ።

ቄስ ኪዳነ ማርያም የእንዳላማው የንስሐ አባት ናቸው። ስልካቸው ድምፅ እምቢ ብሏቸው ነው የመጡት። አግዳሚው እንዳለ ብድግ አለ። እንዳላማውስ? «አንድ ጊዜ ይቆዩኝ አባቴ፣ እጄ ተይዟል» ማለት ይችል ነበር። እሳቸውም ባልተቀየሙት ነበር። ግን ሰው እያየው፣ የንስሐ አባቱ መስቀል ይዘው ቆመው፣ እሱ ቁጭ ብሎ ብሎን ሊያሥር? አይሆንለትም! ካቻቢቴውን ጣል፣ ካርዱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደገፍ አደረገና ተነሣ። ግንባሩን አስነካ፣ ከንፈሩን አስነካ፣ ተባረከ። ከጀርባው፣ ያ ከባድ ማቀዝቀዣ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ ወደ ጎን ዘመመ። ቀጭ አለ። ቆሎ በጥርስ ሲሰበር የሚያህል ድምፅ ነው፤ ከእሱ በቀር ማንም አልሰማውም።

የቄሱን ስልክ እየሳቀ አስተካክሎ ሸኛቸው። ከዚያ ጀርባውን ለአግዳሚው ሰጥቶ ብሎኗን ፈታ፣ ማቀዝቀዣውን ቀና አደረገና አየ። የቺፑ አንዷ ማዕዘን የለችም። የጎደለችው የምስር ክክ እንኳ አታክልም። እንዳላማው ግን ሥራውን ያውቃል፤ የዚህ ዕቃ ሞት እንዲህ ነው። ወዲያው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቅባት ደራርቦ ቀባበት፤ ማቀዝቀዣውን መልሶ ጫነበት፤ አራቱንም ብሎን በመስቀለኛ፣ እኩል በእኩል፣ እንደ መመሪያው አጠበቀ። እንዲህ ያለ ያማረ ሥራ በዕድሜው ሠርቶ አያውቅም። ካርዱን ሱቁ ባለ ኮምፒውተር ላይ ሰካ። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ ምስል የለም። ነቅሎ ሰካ። የለም።

ያለምወርቅ እያለከለከች ገባች። «ጋሼ እንዳላማው፣ ደረሰልኝ?»

እንዳላማው አፉን የከፈተው እውነቱን ሊናገር ነበር። በዚህ እመሰክርለታለሁ። ግን አግዳሚው ሙሉ ነው፤ ሁሉም ያየዋል፤ ያ «ጸበልም አያድነው» የሚለው አፉ ከፊቱ ተደቀነበት። የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

«ይህ ካርድ ድሮም ሞቶ ነው የመጣ። ወንድምሽ ምን እንደላከልሽ እንጃ።»

«ሞቶ?»

«ሞቶ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አሉ። ያለምወርቅ ደጅ ወጥታ ደወለች፤ ድምፅዋ እስከ ውስጥ ይሰማል። «እኔ እዚህ እናትህን ሳገላብጥ እውላለሁ፣ አንተ አዲስ አበባ ሆነህ የጣልከውን ትልክልኛለህ! ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?» መሳፍንት ምን እንዳለ አይሰማም። «ካርዱ ይሠራ ነበር? ጋሼ እንዳላማው ሞቶ ነው የመጣ እያለኝ? እሱ ይዋሻል በለኛ!» አለች። ከዚያ በኋላ መሳፍንት ብዙም አልተከራከረ። ኮምፒውተር መፍታትን መጀመሪያ ያስተማረው እንዳላማው ነው፤ እንዳላማው ሞቷል ካለ ሞቷል ማለት ነው። «እሱ ካለማ እኔ ነኝ ያልፈተሽኩት» ብሎ ዘጋ። ይህን ያለምወርቅ ራሷ ተመልሳ ነገረችው። «አያችሁ፣ አመነ» አለች ለአግዳሚው። እንዳላማው ጠረጴዛውን ይጠርግ ነበር፤ የተጠረገውን ጠረጴዛ።

ቅዳሜ መጣ፤ ቪዲዮው አልደረሰም። የሙሽራዋ እናት ያለምወርቅን በገበያ መሐል «ቀጣፊ» አለቻት። ያለምወርቅም ወንድሟን ከስልኳ አጠፋችው። እናታቸው መሳፍንት ለምን እንደማይደውል ሲጠይቁ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች፤ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ግን እግራቸው እንጂ ልባቸው አልተኛም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእንዳላማው ግን እያደር ባሰበት። ቄስ ኪዳነ ማርያምን መንገድ ላይ ካየ በሌላ ይዞራል፤ ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ቆሞ ከኋላ ይወጣል። አንዳንዴማ ነገሩን በእሳቸው ሊያላክክ ይቃጣዋል፦ ‹በዚያች ሰዓት ባይገቡ ኖሮ!› ይላል በልቡ። ወዲያው ደግሞ በራሱ ያፍራል። ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነው በመስቀል የሚያላክክ! ሁለት ጊዜ እስከ ያለምወርቅ አጥር ድረስ ሄዷል። በመጀመሪያው ውሻው ጮኸና ተመለሰ። በሁለተኛው ውሻውም አልጮኸም፤ እንዲያው ተመለሰ። ‹እጁ አይታመንም ከተባልኩ ምን ቀረኝ?› ይላል። ሚስቱ ፍቅርአዲስ «ምን ነክቶህ ነው፣ ወሬህ የት ሄደ?» ብትለው፣ ራሴን አሞኛል አላት። አግዳሚው ላይ የሚቀመጡትም ወሬው ሲጠፋባቸው ቀስ በቀስ ቀነሱ።

ቅበላ ደረሰ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቄስ ኪዳነ ማርያምን አስጠሩና «ልጆቼ ተኳርፈው እኔ ሁዳዴን አልገባም። ብሞትስ በማን ፊት ይቀብሩኛል?» አሏቸው። ቄሱ ጡረታ የወጡትን መምህር፣ አቶ አበባውን ያዙ፤ ቀጥለው ወደ እንዳላማው ሱቅ መጡ።

«አንተም ከእኛ ጋር ትቀመጣለህ» አሉት። «ዕቃውን የምታውቅ አንተ ነህ። ሁለቱም ደግሞ ይሰሙሃል።»

እንዳላማው ከወንበሩ ተነሣ። «አባቴ፣ እኔ ለሽምግልና የምበቃ ሰው አይደለሁም።»

«አልበቃም የሚል ነው የሚበቃ» አሉና መስቀላቸውን አስነክተውት ሄዱ። ሽምግልና ተጠርቶ እምቢ ማለት ነውር ነው። ይኸው ከነውር ወደ ነውር ሸሸ።

መሳፍንት በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ መጣ። ሽማግሌዎቹ በእናታቸው ቤት፣ ከአልጋው ትይዩ ተቀመጡ። ካርዱ ማቀዝቀዣውን እንደተሸከመ ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል። ያለምወርቅ በደሏን ተናገረች፤ የካርዱን ብቻ አይደለም፣ ብቻዋን መቅረቷን፣ ብቻዋን ማስታመሟን ጭምር። መሳፍንት አንገቱን ደፍቶ ሰማ። «ከኮምፒውተሬ የነቀልኳት ቀን ትሠራ ነበር» አለ ብቻ።

አቶ አበባው ወደ እንዳላማው ዞሩ። «አንተ የሙያው ሰው ነህ። እውነቱ ምንድን ነው?»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተለት። ከዚህ በላይ ምን ይደረግለት? እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነበር። እሱ ግን ወለሉን እያየ፣ «ያው... የኤሌክትሪክ ነገር አይታወቅም» አለ።

መሳፍንት ተነሣ። «ጋሼን አታስጨንቋቸው። አዋርጃታለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ወጣ። ሲመለስ ከደጅ ያነሣውን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ነበር፤ እንደ አባቶቹ ወግ፣ እንደ በዳይ። ጎንበስ ብሎ መጥቶ ከእህቱ እግር ሥር ተንበረከከ። «ይቅር በይኝ።»

ያለምወርቅ ድንጋዩን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ይህንን ልጅ አዝላ ነው ያሳደገችው። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ኧረ ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንሡለት!» አለች።

«እንዳላማው፣ ከሽማግሌዎቹ ታናሽ አንተ ነህ፤ አንሣለት» አሉ ቄሱ።

እንዳላማው ተነሣ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ከልጁ ማጅራት ላይ አነሣ። «ይቅር ይበልህ» ማለት ወግ ነውና አለ። ከዚያ ድንጋዩን የት እንደሚያደርገው ቸገረውና ከራሱ ወንበር ሥር አኖረው። እህትና ወንድም ተቃቀፉ፤ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ካልጋቸው ሆነው በዚያ በደከመ ድምፃቸው እልል አሉ።

በቃ፣ ታርቀዋል። ቂሙ ወርዷል። ዝም ብሎ እህል ውሃ ቀምሶ ወደ ቤቱ መሄድ ነው። ግን መሳፍንት መጥቶ የእንዳላማውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ «ጋሼ፣ እርስዎን ሰው ፊት አስጨነቅኩዎት» አለው። እንዳላማው የማጅራቱን አፈር አየው።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የሰበርኩት። ልጁ ምንም አላጠፋም።»

የቄስ ኪዳነ ማርያም ፊት በራ። «አያችሁ? ሽማግሌ ማለት ይህ ነው! ለእርቅ ሲል የሰውን ጥፋት በራሱ ላይ ጫነ።»

«ጨዋ!» አሉ አቶ አበባው። «ጨዋ ልጅ!»

«አይ፣ እውነቴን ነው...» አለ እንዳላማው።

«እናውቃለን፣ እናውቃለን» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

እንግዲህ ምን ያድርግ? ተናግሯል። አላመኑትም። ጥፋቱ የማን ነው? ሊቀመጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲያውም ለአንዲት ቅጽበት፣ ምን ይደበቃል፣ ሙገሳው ጣመው። ያን ጊዜ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ካልጋቸው ቀና አሉና፣ «ምነው የኔ ልጅ እንዳንተ ያለ በሆነልኝ!» አሉ። መሳፍንት ሰማ። አንገቱን ደፋ።

እንዳላማው ቀጥ ብሎ ተነሣ። ካቻቢቴ ከኪሱ አይለይም። ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ካርዱን ገለበጠና ብሎኖቹን ይፈታ ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አንዷ ብሎን ወለል ላይ ወደቀች። ማንም አላነሣለትም። ማቀዝቀዣውን ላላ ላላ አድርጎ ከካርዱ አላቀቀው። ቅባቱን በመሐረቡ ጠረገ። ካርዱን ለያለምወርቅ ዘረጋላት።

«ጣትሽን እዚህ አድርጊ» አላት።

ያለምወርቅ ጣቷን ማዕዘኑ ላይ አደረገች። ዳሰሰችው። ሌሎቹን ሦስቱን ማዕዘን ዳሰሰች፤ ወደ አራተኛው ተመለሰች።

«በአንድ ብሎን አንጠልጥዬ ለቅቄው ነው» አለ እንዳላማው። «ሰው ሁሉ ይይልኝ ብዬ አቁሜ ስገጥመው። ከዚያ በላዩ ገጥሜ ሸፈንኩት። ካርዱ ሕያው ነበር፣ ሞቶ አልመጣም።»

ቄስ ኪዳነ ማርያም ፈገግታቸው ደረቀ። የሆነ ነገር ያስታወሱ መሰሉ። «መቼ ነው የሆነው? እኔ የመጣሁ ቀን ነው?»

«በእጄ ነው አባቴ» አለ። «በእጄ ነው የሆነው። በማንም አይደለም።»

ደግ አደረገ ትሉ ይሆናል። እሱም ለአንድ አፍታ እንዲያ መስሎት ነበር፤ ዕዳውን የከፈለ መስሎት። ያለምወርቅ ግን ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችው። ትቆጣለች ብሎ ነበር፤ አልተቆጣችም። ትጮኻለች ብሎ ነበር፤ ድምፅዋ እንዲያውም ዝቅ አለ።

«ያን ጊዜ ታውቅ ነበር» አለችው። «አቶ አበባው ሲጠይቁህ ታውቅ ነበር። ወጥቶ ድንጋዩን ሲፈልግ፣ እስኪመለስ ድረስ እዚህ ተቀምጠህ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«ድንጋዩን ስታነሣለት ከበደህ?»

እንዳላማው አፉን ከፈተ። ከበደኝ ቢል፣ ታዲያ ከብዶህ ነው ልጁን ያሸከምከው ልትለው ነው። አልከበደኝም ቢል የባሰ ነው።

ያለምወርቅ መልሱን አልጠበቀችም። ተነሥታ ወደ ወንድሟ ሄደች፤ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ እርጥብ አድርጋ፣ ሕፃን ሳለ እንደምታደርገው፣ የማጅራቱን አፈር ትጠርግለት ጀመር። መሳፍንት ጎንበስ ብሎላት ያለቅስ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ አደረጉ። እንዳላማው ካቻቢቴውን እንደያዘ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ቀረ። ተቀመጥ ያለው የለም፤ ሂድ ያለውም የለም።